በባልቲሞር አሮጌ ወደብ በሳይክል፦ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ቡድን

ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ከምንኖረው ሐበሾች ብዙዎቻችን ባልቲሞርን የምናውቃት በዜና ነው። ወይ ወደ ኒውዮርክ ስንሄድ በወደቡ ስር ባለው ዋሻ እናልፋታለን፣ ወይ «እዚያ ከተማ ደግሞ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ?» ሲባል እንሰማለን። እኔና ጓደኞቼ ግን ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር፣ ቅዳሜ ሲመቸን ሳይክላችንን ይዘን ወደዚያው ነን። ቀስ እያለ፣ እያወራና እየቆመ ለሚነዳ ቡድን በዚህ አካባቢ ከእሷ የሚሻል ከተማ አላየሁም። የውሃው ዳር ሜዳ ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው ደግሞ ወርደው የሚያዩት ነገር አለ። ያም ሆኖ መሬቱ የአሮጌ ወደብ መሬት ስለሆነ የራሱ ጠባይ አለው። ሀዲዱን፣ ድንጋዩንና የተሰባበረውን አስፋልት ሳታውቁ አዲስ ሰው ይዛችሁ እንዳትሄዱ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጠቀስኩት።

የእኛ ቡድን ውድድር አያውቅም። ባሕር ዳር ተወልደው ሳይክል ላይ ያደጉ አሉ። አዲስ አበባ አድገው ሳይክል መንዳት የተማሩት እዚህ መጥተው፣ ልጆች ወልደው ካሳደጉ በኋላ የሆኑም አሉ። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ የሠሩ አንድ ጋሼም አሉን። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ማስኬድ የሚቻለው ፍጥነቱን ከሁሉም ቀስ የሚለው ሰው ሲወስን ብቻ ነው። ከፊት መንገዱን የሚያውቅ መሪ ይሄዳል፣ ከኋላ ደግሞ ደጀን ይኖራል። ብዙ ቡድን ጎበዙን ከፊት ያደርጋል፤ እኔ ግን ጎበዙ ከኋላ ይሁን ባይ ነኝ። ጎማው የተነፈሰበት፣ ሰንሰለቱ የወለቀበት፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሚገኘው ወደ ኋላ ነው። መፍቻውም፣ ፓምፑም፣ ትዕግሥቱም እዚያው መገኘት አለበት። ማንም መሪውን አይቀድምም፣ ማንም ከደጀኑ ኋላ አይቀርም፤ ከዚህ ውጭ ብዙ ሕግ አያስፈልግም።

አዲስ ሰው ላይ ትልቁ አደጋ መኪና ይመስለኝ ነበር። ደጋግሜ ያየሁት ግን «ጥለውኝ ሄዱ» የሚል ስጋት ነው። የትራፊክ መብራት ቡድኑን ለሁለት ሲቆርጠው ከኋላ የቀረው ሰው ላለመለየት ብሎ ቀይ ይጥሳል። ስለዚህ ገና ከመነሳታችሁ በፊት ለሁሉም ንገሩ፦ መብራት ከያዛችሁ ቁሙ፣ ያለፉት መስቀለኛውን ተሻግረው ዳር ይዘው ይጠብቋችኋል። ይህን ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ጠብቁት። አንድ ጊዜ ሳትጠብቁ ከቀራችሁ ያ ሰው በሚቀጥለው መብራት ላይ አያምናችሁም። በሜሪላንድ ሕግ ሳይክል ነጂን የሚያልፍ መኪና ቢያንስ የ3 ጫማ፣ ማለትም የአንድ ሜትር ገደማ ርቀት መጠበቅ አለበት። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ዳር ላይ ተጣብቃችሁ አትሂዱ፤ የመስመሩን መሐል ያዙና መኪናው ቦታ ሲያገኝ እንዲያልፍ አድርጉ። ዳር መጣበቅ የቆሙ መኪኖች በር ላይ ይጥላችኋል። ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች ሄልሜት ማድረግ ግዴታቸው ነው። እኛ ዘንድ ግን ለአዋቂውም ያው ነው፤ ያለ ሄልሜት የመጣ ሰው አብሮን አይነዳም።

ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን የሚነሳው የማርክ ባቡር ፔን መስመር ቅዳሜና እሁድም ይሠራል። ሳይክል የሚጫንበት ፉርጎ ያላቸው ባቡሮች አሉ፤ የትኛው እንደሆነ የዕለቱን ፕሮግራም አይታችሁ ተነሱ። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው በሜትሮ ቀይ መስመር ሳይክሉን ይዞ ዩኒየን ስቴሽን ይደርሳል። ብዙ ከሆናችሁ በሁለት ባቡር ተከፈሉ፤ አንድ ፉርጎ በር ላይ አሥር ሳይክል መቆለል ለሌላው ተሳፋሪ አይገባም። ባቡሩ የሚያወርዳችሁ በ1911 የተሠራው ፔን ስቴሽን ነው። ከዚያ አንድ ብሎክ ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ሜሪላንድ አቬኑ ላይ ስትደርሱ ከመኪናው ተለይቶ የተሠራ፣ ለመሄጃም ለመመለሻም የሚሆን የሳይክል መስመር ታገኛላችሁ። ወደ ወደቡ ስትወርዱ አብዛኛው ለስላሳ ቁልቁለት ነው፣ አዲሱም ሰው እዚህ ላይ እጁን ያፍታታል። ስትመለሱ ግን መንገዱ ዳገት ነው። መኪኖቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄዱ ከጎን ወጥቶ የሚታጠፍ ሹፌር እናንተ የምትመጡበትን ወገን ላያይ ይችላል። በየመስቀለኛው ላይ ከሹፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ አትለፉ።

ኢነር ሃርበር በሚባለው የመሐል ከተማው ወደብ ላይ ብዙ አንቆይም። ቱሪስት ይበዛዋል፣ የውሃው ዳር መንገድም በመጀመሪያ ለእግረኛ ነው፤ ጠበብ ሲል ወርደን እንገፋለን። ሁልጊዜ የምንቆመው ጆንስ ፎልስ የተባለው ወንዝ ወደ ወደቡ በሚገባበት አፍ ላይ ነው። እዚያ ሚስተር ትራሽ ዊል የሚባል፣ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራ ተንሳፋፊ ቆሻሻ ሰብሳቢ አለ። የወንዙ ፍሰት ትልቁን መንኮራኩር ያዞረዋል፣ ውሃው ሲደክም የፀሐይ ኃይል ያግዘዋል። በወንዙ የመጣው ፕላስቲክና ቅጠል በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ ወጥቶ ኋላ ያለው ገንዳ ውስጥ ይወድቃል። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ስለተደረጉለት ልጆች ይወዱታል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የመጀመሪያ ዕረፍታችሁን እዚህ አድርጉ።

ቀጥሎ ያለው ሃርበር ፖይንት ረጃጅም አዳዲስ ሕንፃዎችና የተስተካከለ ሣር ስላለው ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ ቡድኑን አቁሜ እነግራቸዋለሁ። እዚህ ቦታ ላይ ከ1845 እስከ 1985 ድረስ የክሮም ፋብሪካ ነበር። መሬቱ በክሮሚየም ስለተመረዘ አፈሩን አውጥቶ በመጣል ፈንታ ዙሪያውን በግድግዳ አጥረው፣ ከላይ ደፍነው ነው የከተማ ሠፈር የሠሩበት። የምንነዳው በዚያ ክዳን ላይ ነው። የባልቲሞር ውሃ ዳር ለምን እንዲህ አዲስና ባዶ ባዶ እንደሚል የሚገባችሁ ከስሩ ምን እንዳለ ስታውቁ ነው።

ከዚያ ፌልስ ፖይንት ትገባላችሁ፤ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገውም፣ ከሁሉ የምወደውም ሠፈር ይህ ነው። በ1760ዎቹ የተቆረቆረ የመርከብ ሠሪዎች መንደር ነበር። ቴምዝ ስትሪት ላይ የድሮው ንጣፍ ድንጋይ እስካሁን አለ፣ በመሐሉም ድሮ የጭነት ፉርጎ ይሄድበት የነበረው ሀዲድ ተቀብሮ ቀርቷል። ድንጋዩ አገራችን ውስጥ እንደምናውቀው አዲስ ኮብልስቶን ጠፍጣፋ አይደለም። ለረጅም ዘመን የተረገጠ ስለሆነ አናቱ ተድበልብሏል፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ዝናብ ከነካው ያሟልጫል። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ጋ ወርዶ ቢገፋ ይሻለዋል። ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ደግሞ አየሩን በጥቂቱ ቀነስ ያድርግ፣ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ብሎ ክርኑን ያላላ፣ ፔዳሉን ሳያቋርጥ በዝግታ ይርገጥ። መሪውን አጥብቆ የያዘ ሰው ነው የሚንገላታው።

ሀዲዱን በተመለከተ በዝርዝር ልንገራችሁ፣ በቡድናችን ሰው ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። አንዲት እህታችን ከሀዲዱ ጋር ጎን ለጎን እየነዳች የቆመ መኪና ለማለፍ ወደ ግራ ጠመዘዘች። የፊት ጎማዋ ብረቱ አጠገብ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገባና ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ በትከሻዋ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን ከመላላጥ በላይ አልሆነችም። ብረቱ አይደለም የሚጥለው፣ ስንጥቁ ነው። ጎማው አንዴ ከገባበት መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ ሀዲዱን የምትሻገሩት በተቻለ መጠን ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ መስቀል ሠርታችሁ ነው። ሀዲዱ መንገዱን ሰያፍ የሚያቋርጥ ከሆነ አስቀድማችሁ ከኋላ መኪና አለመኖሩን እዩ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ አንድ ጎን ሰፋ ብላችሁ ውጡና ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ። ብረቱ ላይ እያላችሁ ፍሬን አትያዙ፣ አትጠምዝዙ፣ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ወርዳችሁ ግፉ። ተከታትላችሁ አትሻገሩ፤ የፊተኛው ከወደቀ የኋለኛው መቆሚያ እንዲያገኝ የሁለት ሳይክል ርዝመት ያህል ተራራቁ። እኛ መሪው ገና ከሩቅ «ሀዲድ!» ብሎ ይጮኻል፣ ድምፁም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ደጀኑ ጋ ይደርሳል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ያ ድምፅ ከጀመርን ወዲህ ሀዲድ ላይ የወደቀ የለም።

ፌልስ ፖይንት ላይ የምንቆምበት ዋናው ምክንያት ባርነትን በመታገል የታወቀው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በባርነት ተወልዶ በልጅነቱ በ1826 ወደዚህ ከተማ ተላከ። ፊደል የቆጠረው እዚህ ነው። አድጎም እዚሁ የመርከብ ግንቢያ ውስጥ የጣውላውን ስንጥቅ በቃጫና በቅጥራን እየደፈነ ሠርቷል፤ ደመወዙን ግን ሳምንት በመጣ ቁጥር ለጌታው ያስረክብ ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የሌላ ሰው የመርከበኛ ወረቀት ተውሶ፣ በባቡር ወደ ሰሜን አመለጠ። ሸምግሎ፣ በዓለም የታወቀ ሰው ሆኖ ሲመለስ በ1892 በዚሁ ሠፈር አምስት ተያያዥ የጡብ ቤቶች አሠራና ለጥቁር ቤተሰቦች የሚከራዩ አደረጋቸው። ቤቶቹ ሳውዝ ዳላስ ስትሪት ላይ ዛሬም አሉ። መንገዱ ጠባብና ጸጥ ያለ ነው፣ ሰው ይኖርባቸዋል፤ ስለዚህ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በር ላይ ሳትቆሙ አይታችሁ እለፉ። ውሃው ዳር ላይ በእሱና በአይዛክ ማየርስ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ። ማየርስ ነፃ ሆኖ የተወለደ የመርከብ ስንጥቅ ደፋኝ ነበር። ነጮቹ ጥቁር ሠራተኞችን ከግንቢያው ሲያባርሩ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የጥቁሮች የራሳቸው የመርከብ ጥገና ድርጅት አቋቋመ። እቁብና ማኅበር ለምናውቅ ሰዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ቡድናችን ውስጥ ረጅም ወሬ የሚነሳውም ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከፌልስ ፖይንት ቀጥሎ ወዳለው ሠፈር፣ ካንተን ድረስ መቀጠል ትችላላችሁ። የቆርቆሮ ጣሳ ፋብሪካ የነበረው ሱቅና ቢሮ ሆኗል፣ ውሃ ዳሩ ፓርክ ሆኗል፤ መጸዳጃና ጥላ ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ጉልበታቸውን መቆጠብ የሚፈልጉ ካሉ ግን ከፌልስ ፖይንት ተመልሳችሁ ወደ ደቡቡ ዳርቻ እለፉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሥራ ላይ ያለ ወደብ የምታዩት እዚያ ነው።

ኪይ ሃይዌይ ስሙ ያስፈራል እንጂ የከተማ መንገድ ነው። እሱን ይዛችሁ ስትሄዱ በ1865 የተሠራ የኦይስተር ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ያለውን የኢንዱስትሪ ሙዚየም ታገኛላችሁ። በሩ ላይ ከመርከብ ግንቢያ የመጣ ትልቅ አረንጓዴ ክሬን ቆሟል። ከግቢው ውሃ ዳር ሆናችሁ ስታዩ የዶሚኖ ስኳር ፋብሪካ ከፊታችሁ ነው። ከ1922 ጀምሮ እስካሁን ይሠራል። በ1951 የተሰቀለው ቀይ የመብራት ጽሑፉ በ2021 በአዲስ ተተካ። ነፋሱ ከዚያ ሲመጣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል።

አንድ ቀን ጥሬ ስኳር የጫነ መርከብ ቆሞ ደረስን። ክሬኑ መንጋጋውን ከፍቶ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ሞልቶ ይወጣል፣ ከላይ ወደ ገንዳው ያራግፋል፣ ይመለሳል። በዙሪያው ሰው ማለት ይቻላል የለም። ጋሼ ሳይክላቸውን የሙዚየሙ ክሬን ላይ አስደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ «እኛ ይሄን በጆንያ ነበር የምናወርደው» አሉ።

«በትከሻ ነው ጋሼ?»

«በትከሻ ነው እንጂ ልጄ። ሙቀቱን ደግሞ አትጠይቀኝ። ሌሊት ነበር የምንመርጠው።» ከዚያ ሸሚዛቸውን ወደ ጎን ሳብ አድርገው ቀኝ ትከሻቸውን አሳዩን። ጆንያው ያረፈበት ቦታ ላይ ቆዳው ወፍሮ፣ ጠቆር ብሎ ቀርቷል። መርከብ ሲታሰር ገመዱ ከየት እንደሚጀመር፣ ጭነት ሲያጋድል ምን እንደሚደረግ፣ ተቆጣጣሪው በምን ምልክት ክሬን ነጂውን እንደሚያናግር አንድ በአንድ አስረዱን። እኔ የሙዚየሙን ጽሑፍ አንብቤ የማላውቀውን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ቡድናችሁ ውስጥ ወደብ፣ ባቡር፣ ፋብሪካ የሠራ ትልቅ ሰው ካለ ለምኑትና ይዛችሁት ሂዱ። መንዳት ቢከብደው በኤሌክትሪክ ሳይክል ይምጣ።

መንገዱ የሚያልቀው ፎርት ማክሄንሪ ላይ ነው። በ1814 የእንግሊዝ መርከቦች ለ25 ሰዓታት የደበደቡት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የተጻፈለት ምሽግ ነው። ግቢው ነፃ ነው፣ የሚከፈለው ወደ ምሽጉ ውስጥ ለመግባት ነው። ሳይክሉን መኪና ማቆሚያው ጋ ቆልፋችሁ ውሃ ዳሩን በእግር ዙሩ። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትመለከቱ የፍራንሲስ ስኮት ኪይ ድልድይ የነበረበት ነው። ማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት ዳሊ የተባለው የኮንቴይነር መርከብ ኃይል ተቋርጦበት ምሰሶውን ሲመታው ድልድዩ ወደቀ። ላዩ ላይ አስፋልት ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ከሜክሲኮ፣ ከጓቴማላ፣ ከሆንዱራስና ከኤልሳልቫዶር የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ሌሊት የሚሠሩ፣ ከመሐላቸውም አባወራዎች ያሉባቸው። እኛም መሐላችን ሌሊት የሚሠራ ብዙ ሰው አለ። እዚያ ስንደርስ ጥቂት ዝም እንላለን፣ የሚጸልይም ይጸልያል።

ስለ ደህንነት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ይህ የገለጽኩት መንገድ በቀን፣ በቡድን ለሚሄድ አያስፈራም። ግን ውሃ ዳሩ ባልቲሞር ሁሉ አይደለም። በ1950 ወደ 950,000 የሚጠጋ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2020 ከ590,000 በታች ሆናለች። ስፓሮውስ ፖይንት የነበረውና በአንድ ዘመን ከዓለም ትልቁ የነበረው የቤተልሔም ብረታ ብረት ፋብሪካ አሥር ሺዎችን ያሠራ ነበር፤ በ2012 ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያ በፊትም ከተማዋ በ1910 ጥቁርና ነጭ በየብሎኩ ተለያይቶ እንዲኖር ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሕጉ ቢሻርም መለያየቱ ግን አልቀረም። በምሥራቅና በምዕራብ የምታዩት በጣውላ የታሸገ ቤት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። እዚያ የሚኖረውን ሰው በጎረቤትነት ሰላም በሉት እንጂ ስልክ አውጥታችሁ ቤቱን ፎቶ አታንሱ። ብዙ ጊዜ በረንዳ ላይ ቁጭ ያሉ እናቶች ናቸው ቀድመው «ደህና ናችሁ? በርቱ!» የሚሉን።

የሚያዝ ነገር ብዙ አይደለም። እዚህ ጎማ የሚበሳው በጠርሙስ ስባሪ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በሳይክሉ ልክ የሆነ የውስጥ ጎማ ይያዝ፣ ፓምፕና መፍቻ ደጀኑ ጋ ይበቃል። ጥሩ ቁልፍ፣ ውሃ፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ቀኑ ቢረዝምም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍሎ መያዝ ከሁሉ ይሻላል፤ እየቆሙ ለመቃመስ ይመቻል፣ አይፈስም፣ ሙቀት አያበላሸውም። ከሰዓት በኋላ ከውሃው ነፋስ ይነሳል። ከምሽጉ ስትመለሱ ፊት ለፊት ከመታችሁ ጠንካሮቹ ከፊት ይሁኑ፣ ደካማው ከኋላቸው ተጠግቶ ይሂድ።

ካንተንን ጨምሮ ዙሩ ሁሉ ወደ 15 ማይል ነው፤ በእኛ አካሄድ፣ ቡና፣ ወሬና ሙዚየም ገብቶበት ሙሉ ቀን ይወስዳል። ደስታና ሙዚቃ የሚወድ ወጣት ካለ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ማታ ባልቲሞር ባይክ ፓርቲ የሚባል ብዙ ሰው የሚወጣበት ዙር አለ፤ ለማንም ክፍት ነው። ሕዝብ መሐል መንዳት ለማያውቅ ግን መጀመሪያ የቀኑን ትንሽ ቡድን ይልመድ። የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ጠዋት ላይ ለሁሉም ንገሩ፣ ቅዳሜ በባቡሮቹ መሐል ያለው ክፍተት ረጅም ነው። ያንን የሜሪላንድ አቬኑ ዳገት ለመውጣት ደግሞ ከምታስቡት በላይ ሃያ ደቂቃ ጨምሩ።